ለሱሉልታዋ ልጄ

የእህቴ ልጅ፣ የድርጅታችሁን የሒሳብ ክፍል ተረክበሽ ሠራተኞቹን ስለ ኮምፒውተር ወንጀል ልታሠለጥኚ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰበታ ውስጥ ዕድሜዬን የፋብሪካ ሒሳብ ስይዝ ነው የኖርኩትና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ሥልጠናውን ከመጋዘኑ በር ጀምሪ። ከቡራዩ የመጣ ደንበኛ ስልኩን ከፍቶ የባንክ ደረሰኝ ያሳያል፤ "ብሩ ገብቷል፣ መኪናው ቆሟል፣ ቶሎ ጫኑልኝ" ይላል። በደረሰኝ ፎቶ ላይ ስምና የብር መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ መግባቱ እስኪረጋገጥ አንድ ካርቶን አይውጣ። ይህን ነግረሽ ብቻ አትለፊ። አንዷ አጣዳፊ ደንበኛ ሆና ትምጣባቸው፣ እነሱም "ትንሽ ይጠብቁ" ማለትን ይለማመዱ። ደንበኛ ማስቆም ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

2. "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ አንድ ጊዜ ዕቃ በሚያቀርብልን ድርጅት በምትሠራ ሴት ስም እንዲህ ያለ ኢሜይል ደርሶኝ የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጅቼ ነበር። አርማው ትክክል፣ ማኅተሙም ትክክል። ጸሐፊያችን አንብባ፣ "ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ሰላም ሳይሉ ደብዳቤ ጀምረው አያውቁም" አለችኝ። አድራሻውን ደግመን ብናየው አንዲት ፊደል ተጨምራበታለች። በድሮው ፋይል ባለው ስልክ ስንደውል ድርጅቱ ምንም አልቀየረም። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቁጥር ብንደውል ኖሮ የሚያነሳው ሌባው ራሱ ነበር።

3. የቴሌብርም ሆነ የባንክ የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም፣ ለማንም አይነገርም። "ከባንክ ነው" ያለውን ዘግተው ራሳቸው ወደ ባንኩ ይደውሉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው።

4. ጥፋት ሁሉ ከውጭ አይመጣም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ሰዎች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከተቀማጫቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩት፣ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው፣ በሳይበር ጥቃት ሳይሆን በውስጥ የሲስተም ችግር ነበር። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። እናንተም ሲስተም ስትቀይሩ ሌላ ዐይን ይየው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው የይለፍ ቃሉ በዕለቱ ይዘጋ።

5. ከሁሉ አብልጬ የምለምንሽ ይህን ነው፦ የተታለለ ሠራተኛ ሳይፈራሽ ይምጣ። ከደመወዙ ልትቆርጪ፣ በሰው ፊት ልትቆጪው ከሆነ ይደብቅሻል፤ እሱ ሲደብቅ ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይሻገራል። ወዲያው ከነገረሽ ግን ገንዘቡ ሳይወጣ ባንኩ ሊያግደው ይችላል። ከአታላዩ የደረሰውን መልእክትም አይሰርዝ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለሚከፈተው ክስ ማስረጃ ነው። የአንቺን፣ የባንኩንና የፖሊስን ስልክ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ በየስልኩ አጠገብ ለጥፊ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ የሌሊት ጥበቃዎቹም ያንብቡት።