በግመል ራስ ውስጥ የሚያድግ ዝንብ

ከሪያድ ከተማ ወጣ ሲሉ የግመል መንጋ ማየት የተለመደ ነው፤ ከእረኞቹም መካከል ያገራችን ልጆች ይገኙባቸዋል። በዚህ እትም የምናጠናው ይህን እንስሳ የሚጎዳ፣ ነገር ግን ከአርቢውና ከእንስሳት ሐኪሙ በቀር ብዙ ሰው የማያውቀውን ዝንብ ነው። የሳይንስ ስሙ ሴፋሎፒና ቲቲላቶር ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ኮርኳሪ» ማለት ነው።

ሀ. አኗኗሩ

የቆላ ዝንብ ደም ይመጣል። ይህኛው ግን አይነክስም፤ ካደገ በኋላ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም። ጉዳት የሚያደርሰው ገና ትል ሳለ ነው። እንስቷ ሕይወት ያላቸውን ደቃቅ ትሎች በግመሉ አፍንጫ ላይ ትጥላለች። ትሎቹም ወደ ውስጥ ዘልቀው፣ አፍንጫና ጉሮሮ በሚገናኙበት ሥፍራ በመንጠቋቸው ተጣብቀው ያድጋሉ። እስከ 11 ወር ሊቆዩ፣ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማም ሊረዝሙ ይችላሉ። በመጨረሻ ግመሉ ሲያነጥስ መሬት ላይ ወድቀው አፈር ውስጥ ይገባሉ፤ በቅርፊት ተሸፍነው ከቆዩ በኋላ ዝንብ ሆነው ይወጣሉ።

ለ. ጉዳቱ

ግመሉ መተንፈስ ይቸግረዋል፤ አፍንጫው ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ደም ያወጣል። ስለማይረጋጋ መኖ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ሥጋውና ወተቱ ይጎድላል። ሕመሙ ሲብስ ወደ አንጎል የተዛመተ ስለሚመስል ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል። ድርቅ መጥቶ የላም ወተት ሲነጥፍ የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና ቤተሰብ ተስፋ ግመሏ ናት። እንግዲህ በዚህ ትል የሚጠፋው ወተት የሕፃናት ምግብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሐ. ምን ይደረግ?

አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ሆኖም ወደ ወተት ስለሚያልፍ፣ የምትታለብ ግመል ያለ ሐኪም ምክር ልትወጋ አይገባም። መድኃኒቱን በወቅቱ ለመስጠት ደግሞ ትሉ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ዋናው ማስረጃ በቄራ የሚከፈተው የግመል ራስ ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያም ጥናቱ የተካሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አገራችን ግን ብዙ ግመሎችን ከነነፍሳቸው ወደ ውጭ ትሸጣለች። ግመሉ ሲሄድ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ አርቢው ሕዝባችን በሽታውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በሶማሌ ክልል ስለዚሁ ትል የወጣ ጥናት በርእሱ ላይ ያሠፈረው የአርቢዎቹን ስም፣ «ሰንጋሌ»ን ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና የምንማር ሁሉ የቄራውን ዕውቀት እዚህ እንቅሰም፤ አገር ስንገባ ግን አስቀድመን እረኛውን እንጠይቅ። ሁለቱ ዕውቀቶች ካልተገናኙ መድኃኒቱ ያለጊዜው ይሰጣል፤ ወተቱም መጉደሉን ይቀጥላል።