አፍንጫዬ ነው ወይስ ስልኩ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መልክ ነው። እኔ ለእናቴ ፎቶ ልልክ ስል ሃያ ጊዜ አንስቼ ሃያውንም አጠፋለሁ፤ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳላ!

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከ30 ሳንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ፣ ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሳው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። አፍንጫ ከጉንጭ ይልቅ ለስልኩ ይቀርባል፤ የቀረበ ደግሞ ይገዝፋል።

ስለዚህ ስልክ አይተን "አስቀያሚ ነኝ" እያልን ደመወዛችንን ፊት በሚያቀላ ክሬም አንጨርስ። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ኩላሊት ይጎዳል።

እህቴ፣ ጓደኛሽ ራቅ ብላ ታንሳሽና ላኪው። እናትሽ እንደሆነች መጀመሪያ የምታየው መክሳት አለመክሳትሽን ነው!