የጣና ባሕር ዓሣ በጸደይ ወራት

ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጸደይ ለጣና ባሕር የውሃ ማነስ ጊዜ ነው። የባሕሩ ስፋት 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ውሃው ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። በደንገል ታንኳ የሚወጣውም አጥማጅ መረቡን ወደ ማታ ጥሎ በማለዳ ያነሣል።

ቆሮሶ የሚራባው ቄጠማና ደንገል በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ስፍራ ያበጃል፤ ሴቲቱም ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ በአፍዋ ይዛ ትቆያለች፤ ልጆችዋም አደጋ ባዩ ጊዜ ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ። እንግዲህ ዐይነ ጠባብ መረብ በዳር የሚጎትት ሰው ከአንዲት እናት ጋራ ብዙ መቶ ልጆች ያጠፋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የቢልጫ ነገር ነው። በጣና ብቻ የሚገኙ፥ በሌላ ስፍራ የሌሉ የቢልጫ ዐይነቶች ከ15 አያንሱም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከባሕሩ ወጥተው በጉማራ፥ በርብ፥ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይሄዱና ንጹሕና ፈጣን ውሃ ባለበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው አስቀድሞ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ያን ጊዜ በወንዙ ወርድ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ታንኳውን ይሞላል። ይህን ብልሃት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ለዘር የተቀመጠውን እህል መብላት እለዋለሁ። የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጦ በወንዝ መበተንም እንዲሁ ነው፤ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ አይገድልምና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ባሕሩ ገባ፤ ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ዘመንም የሚያዘው ቢልጫ ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ጎደለ መርማሪዎች ጽፈዋል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዘመን አልፎታል፤ ነገር ግን አዋጅ በወንዝ አፍ ቆሞ አያድርም። ስለዚህ በባሕሩ ዙሪያ ያለ ሹም ሁሉ ጸደዩ ሳይወጣ አጥማጆቹን ሰብስቦ፥ ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዞቹ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ ሊመክርና ጠባቂ ሊያቆም ይገባዋል። አጥማጁም ከወንዙ አፍ ርቆ ቆሮሶና አምባዛ እንዲያጠምድ ስፍራ ይመልከትለት፤ እንዲያው ከልክሎ ብቻ የሚተው ሹም በሌሊት የሚዘረጋ መረብ እንጂ የሚታዘዝ ሰው አያገኝም። ባለ መሬቱም እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ አያሳርስ፤ ጎርፍ ያወረደው አፈር ጠጠሩን ሲሸፍነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።