ድምፅ በድምፅ ላይ

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ግቡ። ቀልድ አይደለም! ወፍራም ብርድ ልብስ የክፍሉን ማሚቶ ስለሚውጠው ከዚያ የተሻለ የነፃ ስቱዲዮ አታገኙም። እዚያ ሆናችሁ የምትቀዱት የራሳችሁን ድምፅ ነው፤ አድማጩም እናንተው ናችሁ፤ ዓላማው ራስን ሂፕኖታይዝ ማድረግ ነው።

ራስን ሂፕኖታይዝ ማድረግ ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው መድረክ ላይ ሰዓት እያወዛወዘ ሰው የሚያስተኛ ሰውዬ ነው። ከጥንቆላ ጋር የሚያያይዘውም አይጠፋም። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ቀላል ነው፦ ሰውነትን ማዝናናት፣ ትኩረትን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ለራስ የሚበጅ ሐሳብን ደጋግሞ መንገር። ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ኤሚል ኩዌ ከመቶ ዓመት በፊት በናንሲ ከተማ ሰዎችን ያስተማረው ይህንኑ ነበር። በየቀኑ እየተሻላቸው መሆኑን ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ ለራሳቸው እንዲናገሩ ያዝዛቸዋል፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸውም 20 ቋጠሮ ያለው ክር ያስይዛቸዋል። በሐሳብ ብቻ ማለት አይበቃውም፤ የገዛ ጆሮ የሚሰማው ያህል ከንፈር መንቀሳቀስ አለበት። ኩዌ ስማርትፎን ቢኖረው ኖሮ ክሩን ወዲያ የሚጥለው ይመስለኛል።

የእኛ ዘመን ዕድል ደግሞ አንድ ድምፅ ላይ ሌላ መደረብ መቻሉ ነው። ኦዳሲቲን የመሰለ የነፃ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ ንግግሩን በአንድ ትራክ፣ ሹክሹክታውን በሌላ፣ የዝናቡን ድምፅ በሦስተኛው ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። አንዴ መደረብ ከተቻለ አምስት ድምፅ፣ ፒያኖ፣ ወፍ፣ ፏፏቴ፣ ሁሉንም መክተት ያምራል። ቆይ! አእምሯችን ስንቱን ይችላል?

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰዎችን በሁለቱ ጆሯቸው ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ፣ አንዱን ተከትለው ጮክ ብለው እንዲደግሙት አደረገ። የሚደግሙትን በደንብ ይዘውታል። በሌላው ጆሯቸው የገባውን ግን፣ ተናጋሪው ከወንድ ወደ ሴት ሲለወጥ ከማስተዋላቸው በቀር፣ ምን እንደተባለ ሊናገሩ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሌላው ተመራማሪ ኔቪል ሞሬይ ሙከራውን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው፦ ችላ በተባለው ጆሮ በኩል የአድማጩን ስም ጣል አደረገ። ሲሶ ያህሉ ሰሙት! የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እየተንጫጫ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ከሩቅ ጠረጴዛ ስማችሁ ሲነሳ ዞር የምትሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራሩን ከዚሁ እንውሰድ። አንድ ዋና ድምፅ ይኑር፤ መሐል ላይ፣ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማ። ሁለተኛው ሹክሹክታ ይሁንና ወደ አንድ ጆሮ ይገፋ፤ የሚገባውም ዋናው ድምፅ ዝም ባለበት ክፍተት ብቻ ነው፤ ሲገባም በስማችሁ ይጥራችሁ። በስም መጥራቱ ሌላም ጥቅም አለው። ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ፊት ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «እኔ» እያሉ ካሰቡት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው ያነጋገሩት የተሻለ ተናግረዋል፤ ጭንቀታቸውም ቀንሷል።

ማክሰኞ ጠዋት የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለባትን ወጣት እናስብ፤ ስሟን ማርታ እንበላት። ዋናው ድምፅ ከተለመደው ንግግሯ ዘገም ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀምጫለሁ። ትከሻዬ እየረገበ ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ረጋ ብዬ እመልሳለሁ።» ስድስት ሰከንድ ያህል ዝምታ። በዝምታው መሐል በግራ ጆሮዋ፦ «ማርታ፣ ጊዜ አለሽ።» ከዚያ ዋናው ይቀጥላል። «አልፈራም» የሚል ቃል እንዳላስገባች ልብ በሉ። ፍርሃትን ላለማሰብ መጀመሪያ ፍርሃትን ማንሳት ይመጣል፤ ስለዚህ ማድረግ የምትፈልጉትን ብቻ ተናገሩ።

ሁለት የሂፕኖሲስ ባለሙያዎች ግራና ቀኝ ሆነው በአንድ ጊዜ የሚያወሩበት ዘዴም አለ፤ አእምሮ ሁለቱን መከተል ሲያቅተው ይዘናጋና ይለቃል በሚል ነው። የሠለጠነ ሰው እጅ ላይ ያምር ይሆናል። ቤት ውስጥ ለጀመረ ሰው ግን ትርፉ ራስ ምታት ይመስለኛል።

ከጀርባ የሚሰማው ድምፅ ሥራው የጎረቤት በርና የመኪና ጡሩንባ ጎልቶ እንዳይወጣ መሸፈን ነው፤ ስለዚህ ወጥና ድንገተኛ ነገር የሌለበት ይሁን። ለእኔ የሐምሌ ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከየትኛውም የተገዛ ሙዚቃ ይበልጣል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያላችሁ፣ ቤተሰብ በስልክ ቀድቶ ይላክላችሁ፤ ነጎድጓዱንና ውሻውን ግን ቆርጣችሁ አውጡ። ግጥም ያለው ዘፈን አይሆንም፤ ቃል ከቃል ጋር ይሻማል። መጠኑን ደግሞ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ ግማሽ ያህል እንደመቀነስ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ አለ ለመባል ያህል ብቻ ይሰማል። ተናጋሪው ከፒያኖው ጋር ሲታገል የሚያልቁትን የእኛን አነቃቂ ቪዲዮዎች የሰማ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል!

«ጆሮ የማይሰማው፣ ውስጠ ልቦና ግን የሚሰማው» ተብሎ ለሚሸጥ ድብቅ መልእክት ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ ካሴቶችን ፈተሹ። የማስታወስ ችሎታ ያሳድጋል የሚባለውንና በራስ መተማመን ይጨምራል የሚባለውን ወስደው፣ ከፊሉ ላይ ስያሜውን አቀያየሩ። ብዙዎች ለውጥ አየን አሉ፤ አየን ያሉት ግን ካሴቱ ላይ የተጻፈውን እንጂ ውስጡ ያለውን አልነበረም። በፈተና ሲለካም ካሴቶቹ ያመጡት መሻሻል አልተገኘም። ስለዚህ ሹክሹክታችሁ ዝግ ይበል እንጂ ይሰማ። በግራ ጆሮ 200 በቀኝ 210 ኸርዝ ሲሰማ በአእምሮ ውስጥ የሚፈጠረው የ10 ኸርዝ ምትም፣ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ዶቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰበት እውነተኛ ክስተት ነው፤ ጥቅሙ ላይ ግን ጥናቶች አልተስማሙም። ደስ ካላችሁ ጨምሩት፣ ካልሆነ ምንም አይጎድልባችሁም።

የተቀዳ ድምፃችሁ ቀጭንና እንግዳ ሆኖ ቢሰማችሁ አትደንግጡ። ስትናገሩ ድምፃችሁ በራስ ቅላችሁ አጥንት በኩልም ወፈር ብሎ ይደርሳችኋል፤ መቅጃው ያንን አይወስድም። ሌላው ሰው ዕድሜ ልካችሁን የሰማው ይህንኑ ነውና ጥቂት ጊዜ ስትሰሙት ትለምዱታላችሁ።

መኪና እየነዳችሁ ወይም ምጣድ ጥዳችሁ እንዳትሰሙት። የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የቀኑን ቅጂ ከአንድ እስከ አምስት በመቁጠር ጨርሱት፤ በየቁጥሩ ድምፃችሁን ከፍ፣ ፍጥነታችሁን ጨመር እያደረጋችሁ። ለማታው ግን እንቅልፍ ስለሚወስዳችሁ ቆጠራው አያስፈልግም። ስትጨርሱ ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ጨፍልቃችሁ ብቻ አትተዉት፤ ትራኮቹ የተለያዩበትንም አስቀምጡ። ማርታ ሥራውን አግኝታ በሚቀጥለው ወር መንጃ ፈቃድ ልትፈተን ብትነሳ፣ ዝናቡና «ጊዜ አለሽ» የሚለው ሹክሹክታ እንዳሉ ሆነው የዋናውን ድምፅ ትራክ ብቻ እንደገና መቅዳት ይበቃታል።