ቤታችንን ከክረምት በፊት እንመርምር

ለብዙ ቤተሰብ የጭቃ ቤት ያለው ሀብት ሁሉ ነው፤ ለልጆችም የሚወረሰው እርሱ ነው። በአንድ አጥቢያ በአዲስ ምርጊት ያማረ ቤት አይተን ባለቤቶቹን አመሰገንን። በነሐሴ ግን ቤቱ ዘመመ። ምርጊቱ ምስጥ የበላውን ቋሚ ሸፍኖት ኖሯል። እኛም ውበቱን እንጂ እግሩን አላየንም።

ስለዚህ በግንቦት፣ ዝናብ ሳይጠና፣ በዚህ ቅደም ተከተል እንሥራ፦

1. ቋሚዎቹን ከሥራቸው በመዶሻ እጀታ መታ መታ እናድርግ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ወይም ቢላዋ በቀላሉ የሚገባበትን እንለውጥ።
2. ምስጥ በግድግዳው ላይ የሠራውን የአፈር መንገድ እናፍርስ። በማግስቱ ከታደሰ ምስጡ ገና አለ ማለት ነው።
3. ከግድግዳው ሥር አፈርና ማገዶ እናንሣ፤ የጣራው ውሃ እንዲርቅ ቦይ እንቅደድ።
4. የላላውን የቆርቆሮ ሚስማር እናጥብቅ።
5. በመጨረሻ ስንጥቁን በጭድ በተቦካ ጭቃ እንምረግ።

መክብብ 10፥18 ስለ ጣራና ስለ ስንፍና የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ቤቱን የሚያይለት ሰው የሌለው ማን ነው? መቼስ አብረን እንሄዳለን?