ቀብድ ያልተቀበለችው ዘፋኝ

ቀብድ በንግድ ዓለም እንደ ቸርነት የሚቈጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕቃው ገና ሳይሸጥ ገንዘቡ እጅ ስለሚገባ ተቀባዩ እንደ ተረዳ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ቀብዱ ከማን ድርሻ ላይ ተቀንሶ እንደሚመለስ፣ ሒሳቡም ከተዘጋ በኋላ ንብረቱ የማን ሆኖ እንደሚቀር አስቀድሞ መጠየቅ የነጋዴ ፈንታ ነው። ይህ ጥያቄ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ እጅግ ጐልቶ ስለሚታይ፣ የአሜሪካዊቱ ዘፋኝና ደራሲ የአኒ ዲፍራንኮ የሥራ አጀማመር፣ ሸቀጡ ቆዳም ሆነ የሸክላ ዕቃ፣ ለማንኛውም ነጋዴ ሊመረመር የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር ለረዥም ጊዜ የተለመደው ውል እንደሚከተለው ነው። አሳታሚው ኩባንያ ለወጣቱ ዘፋኝ ቀብድ ይሰጣል፤ የስቱዲዮውንም ወጪ ይከፍላል። ዘፋኙ ከሚሸጠው ከያንዳንዱ ቅጂ ከመቶ ጥቂት እጅ ይታሰብለታል። ቀብዱና የቀረጻው ወጪ የሚመለሰው ግን ከጠቅላላው ገቢ ሳይሆን ከዚሁ ከዘፋኙ ድርሻ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከአንድ ቅጂ 1 ዶላር የሚደርሰው ዘፋኝ 100,000 ዶላር ወጪ ቢጻፍበት፣ 100,000 ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ ተጨማሪ ሳንቲም አያይም፤ ኩባንያው ግን ከዚያ አስቀድሞ ትርፉን መሰብሰብ ጀምሯል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ማስተር የሚባለው ዋናው ቅጂ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ይህም ተከራዩ የቤቱን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሲጨርስ ቤቱ የአከራዩ ሆኖ እንደ መቅረት ያለ ነው። እርግጥ ነው፣ ካሴቱ ገበያ ካጣ ኪሣራው በኩባንያው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ውሉ በአንድ ወገን ብቻ የተጫነ ግፍ ነው ማለት አይቻልም። ዋጋው ውድ የሆነ ብድር ነው ቢባል ግን ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አኒ ዲፍራንኮ በ1970 በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ተወለደች። በዘጠኝ ዓመቷ ከጊታር አስተማሪዋ ጋር በከተማው ቡና ቤቶች መዝፈን ጀመረች፤ ከ15 ዓመቷም ጀምሮ ራሷን ችላ ትኖር ነበር። የመጀመሪያውን ካሴቷን በ1990 ስታሳትም በዕድሜ ገና ወጣት ትሁን እንጂ የአሥር ዓመት ያህል የመድረክ ልምድ ነበራት። ገበያዋን ያወቀችው ከጠጪው ጫጫታ ጋር ፊት ለፊት እየታገለች ነው።

ያን ጊዜ የተባዛው ካሴት 500 ብቻ ነበር። ከአንድ ጊታርና ከአንድ ድምፅ በቀር ሌላ ስለሌለበት የቀረጻው ወጪ ቀላል ሆነ፤ ደመወዝ የሚጠብቅ ባንድ አልነበረም። ካሴቱ የሚሸጠው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ገዥው በጆሮው የሰማውን ይገዛል፤ ሒሳቡም እጅ በእጅ ይከፈላል። ዱቤ የለም፣ ለጅምላ ነጋዴ የሚታሰብ ቅናሽ የለም፣ ሳይሸጥ ቀርቶ የሚመለስ ዕቃ የለም። አምስት መቶውም አለቀ። ለማሳተሚያው ያወጣችለት ስም ራይቸስ ቤብ ሪከርድስ የሚል ሲሆን፣ ትርጓሜው ጻድቋ ቆንጆ እንደ ማለት ነው፤ ቀልድ ያለበት ስም ነው እንጂ የመንፈሳዊ ማኅበር ስም አይደለም።

ከዚያ ወዲያ እስከ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ድረስ አዲስ ሥራ ሳይወጣ ያለፈ ዓመት የለም። በየዩኒቨርሲቲው ከተማ እየዞረች ትዘፍናለች፤ ዝናዋም በተማሪዎች አፍ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመጀመሪያ መደብሮቹን የለመነ ወኪል አልነበረም፤ ደንበኛው ራሱ እየሄደ ስለጠየቀ ባለ ሱቁ ዕቃውን ለማስመጣት ተገደደ። የሴቶችን ሙዚቃ የሚያከፋፍሉ ትናንሽ ድርጅቶችም ተቀበሏት። ኩባንያው ለደዋዩ ነፃ የሆነ የስልክ መስመር ሲከፍት፣ የቁጥሩ ፊደላት ሲነበቡ በእንግሊዝኛ በራሷ ቆማ የሚል ትርጉም እንዲሰጡ አድርጎ መረጠው። ማስታወቂያና ማዘዣ በአንድ መስመር ተጠቃለሉ፤ ብልሃቱ የሚያስቀና ነው።

ገበያው እንደ ደራ የታየው ትልልቅ ኩባንያዎች ቀብድ ይዘው በመጡ ጊዜ ነው። እርሷ ግን አልተቀበለችም። እምቢታው ያለ ዋጋ አልነበረም። ዘፈኑን በራዲዮ የሚያስተዋውቅላት አልነበረም፤ ገቢ የሚገኘው ሌሊት ከሌሊት በመዝፈን ስለሆነ መታመምም ማረፍም ኪሣራ ነው። የቢሮውን ሥራ ለማስያዝ አንድ የቡፋሎ የሕግ ባለሙያ እስከሚሾም ድረስ ደብዳቤውም ሒሳቡም በራሷ ትከሻ ላይ ነበር። ዳይሌት የተባለው አልበሟ ቢልቦርድ በሚባለው መጽሔት የ200 አልበሞች ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1996 ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ካሴት በኋላ በስድስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። በ1997 የወጣው የመድረክ ቅጂ ሊቪንግ ኢን ክሊፕ የወርቅ ማዕረግ አገኘ፤ በ1998 የወጣው ሊትል ፕላስቲክ ካስል ደግሞ በዚያው ሰንጠረዥ 22ኛ ሆነ።

ያን ጊዜ ጋዜጦቹ ከያንዳንዱ ቅጂ የሚተርፋት ገንዘብ በሚሊዮን ከሚሸጡት ዘፋኞች ድርሻ እንደሚበልጥ እያሰሉ ጻፉ። ስሌቱ ለነጋዴ ጆሮ ደስ ይላል፤ ባለቤቲቱን ግን ደስ አላሰኛትም። በ1997 ሚዝ ለተባለው የሴቶች መጽሔት በጻፈችው ግልጽ ደብዳቤ፣ እንደ ዘፈን ደራሲ እንጂ እንደ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ መታየቷ ቅር እንዳሰኛት ገለጸች። ይህ ቅሬታ ሊናቅ አይገባም፤ ኩባንያው የተቋቋመው ዘፈኑን ለመጠበቅ እንጂ ዘፈኑ ኩባንያውን ለማሳደግ አልነበረምና። ከአሳታሚው ጋር በማስተር ባለቤትነት ሲጣላ የኖረው ፕሪንስ በ1999 ከእርሷ ጋር አብሮ መቅረጹም በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም።

የተገኘው ትርፍ በአብዛኛው ቡፋሎ ውስጥ ቀረ። የኅትመቱ ሥራ ለከተማው ድርጅቶች ይሰጥ ነበር፤ ሊፈርስ ተቃርቦ የነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያንም ታድሶ የኩባንያው ጽሕፈት ቤትና የሙዚቃ አዳራሽ ሆነ። ኩባንያው የሌሎችንም ሥራ ማሳተም ጀመረ፤ ኋላ በብሮድዌይ ታላቅ የሙዚቃ ቴአትር የሆነው የአናይስ ሚቸል ሃዲስታውን በአልበም መልክ የወጣው በ2010 በዚሁ ኩባንያ ነው። ሊቪንግ ኢን ክሊፕም 25ኛ ዓመቱ ሲከበር በ2022 በሸክላ እንደ ገና ታተመ፤ ማስተሩ በባለቤቲቱ እጅ ስለነበረ ፈቃድ የሚጠየቅ ሌላ ኩባንያ አልነበረም።