ኪያር በእርጎ፦ የማይከብድ ሰላጣ

ዛሬ ወደ ማእድ ቤት እንግባ። «ደሞ እዚያ ምን አለ?» እንዳትሉ፤ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም እዚያው ነው ያለው።

የኪያር ሰላጣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በማዮኔዝ የተለወሰውን ነው። ይጥማል፣ አልክድም። ነገር ግን ማዮኔዝ አብዛኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ወደ 90 ካሎሪ ሲይዝ፣ ያንኑ ያህል እርጎ 10 ገደማ ብቻ ነው ያለው። ኪያርን በእርጎ መሥራት ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ግሪኮች «ጻጺኪ»፣ ቱርኮች «ጃጅክ» ይሉታል። ኢራናውያን ደግሞ «ማስት ኦ ኪያር» ይላሉ፤ «ማስት» እርጎ ነው፣ «ኪያር» ያው የእኛው ኪያር!

እኔ ይህን ሰላጣ መጀመሪያ የሞከርኩት ከአንድ ትምህርት ቤት ክበብ አባላት ጋር፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ እናቶችን ምሳ በጋበዝንበት ቀን ነው። ጠዋት ኪያሩን ከትፈን፣ እርጎ ደፍተንበት፣ ጨው ጨምረን አስቀመጥነው። ምሳ ሲደርስ ሰላጣው ሾርባ ሆኖ ጠበቀን። ተሳሳቅን። ሳቄን ያቋረጡት አንዲት እናት ናቸው። ሳህኑን ቀስ ብለው ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ እርጎው ከፈላ ወተት ነው?» አሉኝ። እርጎው ከሰፈር የተገዛ፣ ከጥሬ ወተት የረጋ ነበር። መልስ አጣሁ። እሳቸውም ያን ቀን ዳቦ በሻይ በልተው ሄዱ።

ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። «እርጎ እኮ ኮምጣጣ ነው፣ ጀርሙን ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። መኮምጠጡ ግን አስተማማኝ አይደለም። ጉዳቱ ማንኛችንንም ሊያገኘን የሚችል ቢሆንም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ይብሳል። ስለዚህ ወተቱን አፍሉት፤ ጣት የሚችለው ያህል ለብ ሲል ከፈላ ወተት የተሠራ 2 ማንኪያ እርጎ እንደ እርሾ ጨምሩበት። ከድናችሁ በጋቢ ጠቅልሉና አሳድሩት። ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ደግሞ ፕሮቲኑን ያረጋዋል። ጠዋት 2 ብርጭቆውን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። አጓቱ ሲወርድ የሚቀረው ነው ክሬም የሚመስለው። አጓቱን አትድፉት፣ ይጠጣል።

ሾርባ የመሆኑ ነገርስ? ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ጨው ሲነካው ውሃው ከሴሎቹ እየወጣ ይሄዳል፤ በክፍል ኦስሞሲስ ብላችሁ የተማራችሁት ይኸው ነው። እኛ ሳህኑ ውስጥ እንዲወጣ አደረግነው እንጂ መውጣቱ አይቀርም ነበር። እናንተ አስቀድማችሁ አስወጡት። 2 መካከለኛ ኪያር ልጣችሁ፣ ፍሬውን በማንኪያ ጠርጋችሁ በስሱ ክተፉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ ወንፊት ላይ 20 ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ በታጠበ እጅ ጭምቅ ነው።

ኪያሩን ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት። ልጣጩ የሚጣል ቢሆንም ቢላው ከላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። አትክልቱ በምን ውሃ እንደለማ አታውቁም፤ በአዲስ አበባ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ይመረታል። የቧንቧው ውሃ ካጠራጠራችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ።

የቀረው ቀላል ነው፦ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተከተፈ ናና። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ፣ ኪያሩ ይዞ መጥቷልና። የምትቀላቅሉት ልትበሉ ስትሉ ነው፤ ፍሪጅ የሌለው የሚበላውን ያህል ብቻ ይሥራ።

በሚቀጥለው ግብዣ ወተቱን በዋዜማው ራሳችን አፍልተን አረጋነው። እኚያ እናትም ሁለት ጊዜ ጎረሱና «ናናው በዛ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ 5 ቅጠል ይበቃል።